ለልቤ ስትጸልይ ትንፋሼን ሰማች

ልቤ ከተስተካከለልኝ እመሰክራለሁ ብዬ ለኪዳነ ምሕረት ተስዬ ነበር። ስለቴ ይኸው።

የምኖረው ቨርጂንያ ነው፤ ኡበር እነዳለሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት አንድ ምሽት መሪ እንደያዝኩ ልቤ ዝም ብላ ትዘል ጀመር። መኪናውን ጥግ አስያዝኩ። ድንገተኛ ክፍል ኢኬጂ (የልብ ምት መመዝገቢያ) አነሡኝና ኤትሪያል ፊብሪሌሽን አሉኝ። የላይኞቹ የልብ ክፍሎች በሥርዓት መምታት ትተው ይንቀጠቀጣሉ። ደም ረግቶ ስትሮክ እንዳያመጣ የደም ማቅጠኛ ጀመርኩ። በኋላ አስተኝተው በኤሌክትሪክ ምቱን መለሱልኝ። ሁለት ወር ሳይሞላ እንደገና ተዛባ።

ያኔ ባለቤቴ ሱባዔ ያዘች። ከሌሊቱ 9 ሰዓት እየተነሣች ውዳሴ ማርያም ትደግማለች፣ ትሰግዳለች። «ምክንያቱን ግለጥልን» ነበር ልመናዋ። በሦስተኛው ሌሊት ማንኮራፋቴ ድንገት ቀጥ አለ። ደረቴ ይታገላል፣ ትንፋሽ ግን የለም። መቁጠር ጀመረች። 20 ላይ ስትደርስ እንደታነቀ ሰው ባንኜ ተነፈስኩ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ቆመ። ስንት ዓመት አብረን ስንተኛ ድካም ነው ብለን ያለፍነው ነገር! ማንኮራፋት ሁሉ በሽታ ነው አልልም። ትንፋሹ የሚቆም ሰው አጠገባችሁ ካለ ግን እባካችሁ ዝም አትበሉ።

ለልብ ሐኪሜ ነገርኩት። የእንቅልፍ ምርመራ አዘዘልኝ። በሰዓት 41 ጊዜ ትንፋሼ ይቆም ወይም ይቀንስ ነበር፤ 30 ከደረሰ ከባድ ይባላል። ጉሮሮ ተዘግቶ ደረት አየር ለመሳብ ሲታገል የልብ ግድግዳ ይለጠጣል። ኦክስጅን ይወርዳል፣ ግፊት ይወጣል። ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ነው። ይህ ካልታከመ የልብ ምት ቢስተካከልም መዛባቱ የመመለስ ዕድሉ ሰፊ ነው አለኝ።

ሲፓፕ ተሰጠኝ። በጭምብል አየር እየገፋ ጉሮሮ እንዳይዘጋ የሚያደርግ ማሽን ነው። መጀመሪያ አፈነኝ፤ ሁለት ሌሊት አውልቄ ጣልኩት። የንስሐ አባቴ ይህን ሰምተው ደወሉ። «ልጄ፣ ሲራክ ምዕራፍ 38ን አንብብ። ሐኪሙንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው። ለምነህ የተሰጠህን ትጥላለህ?» አሉኝ። አለቀስኩ። ያን ሌሊት አጥልቄው አደርኩ።

ከዚያ ምቱን እንደገና አስተካከሉልኝ። አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ፣ አልተመለሰብኝም። መድኃኒቴንም ሐኪሜ ሳያዝ አላቆምም። ባለቤቴ ዛሬም 9 ሰዓት ላይ ትነሣለች። ጸሎቷን ስትጨርስ ጭምብሌ እንዳልተነቀለ በእጇ ዳብሳ ትተኛለች።