ቀይ ቀበሮ ለመሥራት ቀለም አያስፈልግም

የምንኖረው መንዝ፣ ጓሳ የሚባለው የደጋ ጥብቅ ሥፍራ አጠገብ ነው። 11 ሴቶች ነን። በእጅ ሥራ ለመደራጀት የምታስቡ እህቶች ካላችሁ ይህን አንብቡ። እኛን አስቀድሞ የነገረን ሰው አልነበረም።

የበግ ፀጉር መፍተል ከእናቶቻችን የወረስነው ነው። ሴቷ ትፈትላለች፣ ሸማኔው ባና ይሠራል፣ ገንዘቡ ሴቷ እጅ ብዙም አይደርስም። እኛ ያሰብነው ፈትላችንን ራሳችን በኪሮሽ ሠርተን ጓሳን ሊያዩ ለሚመጡ እንግዶች መሸጥ ነበር። ቆብ፣ የአንገት ልብስ፣ ትንንሽ ጭላዳ፣ ትንንሽ ቀይ ቀበሮ። ከሽያጩ የተወሰነውን ለጓሳ ጥበቃ ልናውል ተስማማን።

መደራጀቱ ብዙ ወሬ የለውም። ቃለ ጉባኤ፣ የመታወቂያ ኮፒ፣ የባንክ ደብተር። ኮፒውን ሦስት ሦስት አድርጋችሁ ሂዱ።

መከራው የመጣው በቀለም ነው።

ሊያሠለጥነን የመጣው ባለሙያ የሠራነውን አየና «ቀይ ቀበሮ እያላችሁ ቀይ ካልሆነ ማን ይገዛችኋል?» አለን። 3 ቀን አሠልጥኖን፣ የዱቄት ቀለም ሰጥቶን፣ ሰርተፍኬት አድሎን ሄደ። ስለ ማገዶ አንድ ቃል አልተነሳም። ሰብሳቢዋ እኔ ነበርኩ። መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅሁም።

የበግ ፀጉር እንደ ጥጥ አይደለም። ቅባት አለው። ቅባቱ በደንብ ታጥቦ ካልወጣ ቀለም አይይዘውም። ከቀለሙ ጋር ቀስ ብሎ መሞቅ፣ ቀስ ብሎም መብረድ አለበት። ከፈላ ውሃ አውጥታችሁ ቀዝቃዛ ውስጥ ከነከራችሁት ይኮማተራል፣ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ይህን ያወቅነው 8 ኪሎ ፈትል ካበላሸን በኋላ ነው። የመጀመሪያው ዙር ተጣብቆ ቀረ። ሁለተኛው ሲታጠብ ለቀቀ። አንዲት እናታችን የክረምት ፈትላቸውን በሙሉ ነበር ያመጡት። ድስቱን አይተው ምንም አልተናገሩም። ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ያን ቀን አልረሳውም።

ከፈትሉ በላይ ግን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ማገዶው ነው። ትልቅ ድስት ለሰዓታት ስታፈሉ ኩበት ምን ያህል ይቆያል? የእኛ በሳምንት አለቀ። ከዚያ ልጆቹ አስታ የሚባለውን የደጋ ቁጥቋጦ ተሸክመው መጡ። ከየት እንደመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ከጓሳ ነው። ቀይ ቀበሮ የሚበላው አይጥና ፍልፈል ነው፤ እነሱ ደግሞ የሚኖሩት እዚያው ሣርና ቁጥቋጦ ውስጥ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፣ ያሉትም ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። እኛ ቤቱን እያነደድን መልኩን እናቀልማለን። አያቶቻችን ቀሮ በሚባለው የጥንት የጋራ መሬት ሥርዓት ጓሳን ከ3 እስከ 5 ዓመት ዘግተው የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ። ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ከፈረሰ በኋላ ሣሩ እንዴት እንደተራቆተ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። እያወቅሁ ነው ዝም ያልኩት።

ማቅለሙን እንተው ብለን ወደ አደራጀን ቢሮ ሄድን። «ዕቅዱ ላይ ባለቀለም ምርት ተብሎ ገብቷል፣ አሁን አይቀየርም» አሉን። ሁለት ጊዜ ተመላለስን። ሁለቱንም ጊዜ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ሦስተኛ አልሄድንም። ቀለሙን ተውነው። እናንተም ለእንዲህ ያለው ነገር ፈቃድ አትጠብቁ።

መልሱን ያመጡልን እኒያው ዝም ብለው የሄዱት እናት ናቸው። አንድ ጆንያ ፀጉር ተሸክመው መጡና «ልጆቼ፣ ቀይ በግ እያለን ቀይ ቀለም ምን ያደርግልናል?» አሉ። እውነታቸውን ነው። የመንዝ በግ ነጭም፣ ጥቁርም፣ ቀይም አለው። የቀበሮውን ገላ ከቀይ በግ፣ አንገቱንና ሆዱን ከነጭ፣ የጭራውን ጫፍ ከጥቁር ሠራን። ቁርጥ ራሱን! መጀመሪያ የሠራነው በእጃችን የቆየው አንድ ሳምንት እንኳ አይሞላም።

አሁን ፀጉሩን የምናጥበው ፀሐይ ላይ በዋለ ውሃ ነው። እሳት የለም። «ተፈላጊው ደማቅ ቀለም ነው» የሚላችሁን አትስሙ፤ እንግዶቹ የሚጠይቁን ይህ ከየትኛው በግ ነው እያሉ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። በግ ስትሸልቱ ቀዩን ከነጩ ጋር አንድ ጆንያ ውስጥ አትክተቱ። አንዴ ከተቀላቀለ መልቀሙ የ3 ቀን ሥራ ነው።