ስኒ፣ ሁለት ወጣቶችና ድምፅ አልባ ፊልሜ

የሲኒማን የመጀመሪያ ዓመታት ድምፅ አልባ ፊልሞች የወደድኳቸው በጆርጅ አልበርት ስሚዝ ምክንያት ነው። እንግሊዛዊ ነው፤ ብራይተን አጠገብ ባለችው ሆቭ ይሠራ ነበር። ካሜራ ከመያዙ በፊት መድረክ ላይ ወጥቶ ሰው በሂፕኖሲስ ያፈዝዝ፣ “ሐሳብ ያነብ” ነበር። በ1892 (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) አንድ የአትክልት ቦታ ተከራይቶ መዝናኛ አደረገው። ባሉን ይነሣበት ነበር፣ የዝንጀሮ ቤት ነበረው፣ ዕድል ተናጋሪም ነበረበት። ፊልሞቹንም በኋላ እዚያው ግቢ ውስጥ መሥራት ጀመረ። ሲኒማና ጥንቆላ እንዲህ ጎረቤት ሆነው መጀመራቸው በጣም ደነቀኝ።

እኔም በዚያ ዘመን ስልት አጭር ፊልም ልሥራ አልኩ። ታሪኩ ቀላል ነው። ሁለት ወጣቶች ይዋደዳሉ። ልጅቷ መጨረሻቸውን ለማወቅ ትሄዳለች። የተነገራት ነገር ይደርሳል ወይስ አይደርስም?

ብዙ ያሳሰበኝ የጥንቆላው ዓይነት ነበር። መጀመሪያ ያሰብኩት ኮከብ ቆጣሪ ነው፤ የልጁንና የልጅቷን ስም ከእናቶቻቸው ስም ጋር ፊደል በፊደል ቆጥሮ ይስማማሉ አይስማሙም የሚል። ለወሬ ግሩም ነው። ለድምፅ አልባ ፊልም ግን አይሆንም፤ ተመልካቹ የሚያየው ወረቀት ላይ ያቀረቀረ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ወደ ቡና ስኒ ዞርኩ። ስኒ ይጠጣል፣ ይገለበጣል፣ ይነሣል፣ ውስጡ ይታያል። ያለ አንድ ቃል ሁሉም ሰው ምን እየተደረገ እንደሆነ ይገባዋል። ከሁሉም በላይ የያዝኩት ትምህርት ይህ ነው፦ ትንቢቱ በእጅ የሚያዝ፣ በዓይን የሚታይ ነገር ይኑረው።

ስኒ የምታየውን ሴት የተጫወቱልኝ አንዲት የሰፈራችን እናት ናቸው። ብዙ እንዲያወሩ፣ ከንፈራቸው እንዲንቀሳቀስ ስነግራቸው፣ “ልጄ፣ ስኒ ሲታይ እኮ መጀመሪያ ዝም ነው የሚባለው። ሰው የሚፈራው ዝምታውን ነው” አሉኝ። እንዳሉት ቀረጽነው። ስኒውን አዘንበል አድርገው ያያሉ፣ ልጅቷን ያያሉ፣ እንደገና ስኒውን ያያሉ። የፊልሙ ምርጥ ቦታ እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ለወጣቶቹም ንግግር መስጠት ተውኩ። መሬት በእግር ጣት መጫር፣ የነጠላ ጫፍ መጠቅለል፣ ቀና ብሎ አይቶ ቶሎ ማቀርቀር፤ ፍቅራችን ለካ ድሮም ድምፅ አልባ ፊልም ነው!

ስኒው ውስጥ የሚታየውን ለማሳየት ወደ ስሚዝ ተመለስኩ። በ1898 ስለ ገና አባት በሠራው ፊልም ልጆቹ ተኝተዋል፤ ከጎናቸው ጨለማው ላይ በክብ ውስጥ ጣሪያ ላይ ያለው የገና አባት ይታያል። ዘዴው የምስሉን አንድ ቦታ ጥቁር አድርጎ መቅረጽ፣ ፊልሙን መልሶ መጠቅለልና እዚያው ቦታ ላይ ሁለተኛ ምስል መጨመር ነው። እኔ በስልክ ነው የሠራሁት። ካሜራውን ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ላይ አሰርኩት፤ ትንሽ ከተነቃነቀ ክቡ ይዋልላል። የወደፊቱን ትዕይንት ጥቁር ጨርቅ ፊት ቀረጽኩና በኤዲቲንግ አፕ በክብ ቆርጬ ደረብኩት። ብርሃኑ ከዋናው ምስል ደብዘዝ ያለ ሲሆን ነው ራእይ የሚመስለው።

ቀለሙም የራሱ ጣጣ አለው። የዚያን ጊዜ ፊልም ቀይን አያይም፤ ቀይ ነገር ጥቁር ሆኖ ይወጣል፣ ሰማያዊ ደግሞ ይነጣል። ይህን ለማስመሰል አፑ ላይ ሌሎቹን ቀለሞች አጥፍቼ፣ ሰማያዊውን ብቻ ይዤ ወደ ጥቁርና ነጭ ቀየርኩት። በሙከራው የልጅቷ ነጠላ ቀይ ጥለት ጠቆረና ሐዘን ላይ ያለች መሰለች። በሰማያዊ ጥለት ተካነው። የምትቀርጹ ካላችሁ ልብሱን አስቀድማችሁ በዚያው ቀለም ፈትሹት።

ፍጥነቱን ማጣደፍ ግን አልፈለግኩም። የድሮ ፊልም ላይ ሰው ሁሉ የሚሮጥ የሚመስለን ካሜራው በእጅ እየተሽከረከረ በሰከንድ 16 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ገደማ የቀረጸው በኋላ ዘመን በ24 ስለሚታይ ነው። በዘመኑ የነበረ ተመልካች ሰው በደንብ ሲራመድ ያይ ነበር። ያን አካሄድ መጠበቅ ለእነዚያ ሠሪዎች የሚገባ ክብር ይመስለኛል።

መሳሙን እንዴት ላሳይ የሚለው ቀረ። ስሚዝ በ1899 ዋሻ ውስጥ በሚያልፍ ባቡር ጥንዶች ሲሳሳሙ ቀርጿል፤ ተዋናዮቹ እሱ ራሱና ሚስቱ ሎራ ቤይሊ ናቸው። ፊልም የሚያሳዩ ሰዎች ያንን ቁራጭ ከባቡር ፊት በተቀረጸ ፊልም መሃል፣ ባቡሩ ዋሻው ውስጥ ሲገባ እንዲቀጥሉት ታስቦ ነው የተሠራው። እኔ የወሰድኩት መግባቱንና መውጣቱን ነው። ዝናብ ይመጣል፣ ሁለቱ በቆርቆሮ አጥሮች መሃል ባለ ጠባብ መንገድ ይገባሉ። ካሜራው ውጭ ይቀራል። ሲወጡ የእሷ ነጠላ የሁለቱንም ራስ ሸፍኗል። ስኒው ውስጥ ቀድሞ የታየው ምስል ይኸው ስለሆነ በድምፅ አልባ ፊልም መሃል የሚገባው ገላጭ የጽሑፍ ካርድ አላስፈለገውም።

እነዚህን ሁለት የስሚዝ ፊልሞች ማየት ለምትፈልጉ የብሪታኒያ ፊልም ተቋም ዩቲዩብ ላይ ጭኗቸዋል። ከአንድ ደቂቃ ትንሽ ቢበልጡ ነው። መጀመሪያ ሙዚቃውን ዘግታችሁ እዩ፤ ከዚያ የተዋናዮቹን እጆች ብቻ እየተከታተላችሁ ድገሙት።