ለትራውትና ለብሉጊል የጃፓን አልትራላይት ዘንግና ሪል እንዴት መረጥኩ

የዓሣ ማጥመጃ ዘንግና ሪል (ክሩን የሚጠቀልለው መሣሪያ) ከመምረጤ በፊት ማባበያዎቼን መዘንኩ። እስከ 0.1 ግራም የሚለይ ትንሽ ሚዛን ለዚህ ይበቃል። እያንዳንዱ ማባበያ ከነመንጠቆው መመዘን አለበት፤ መንጠቆ ሲቀየር ክብደቱም ይቀየራልና። ለትራውት የምጠቀምባቸው ከ2.5 እስከ 4.5 ግራም ናቸው፦ ሜፕስ አግሊያ የሚባለው ስፒነር (ሲሳብ ቅጠሉ የሚሽከረከር ማባበያ) ቁጥር 0 ባለ 2.5 ግራም፣ ቁጥር 1 ባለ 3.5 ግራም፣ የስሚዝ ዲ-ኮንታክት የሚባለው ሚኖው (ትንሽ ዓሣ የሚመስል ማባበያ) 50 ሚሊ ሜትሩ ደግሞ 4.5 ግራም። ብሉጊልና ክራፒ ለሚባሉት ትንንሽ የሐይቅ ዓሦች የምወረውራቸው ጂጎች (ጭንቅላታቸው ላይ ክብደት ያለባቸው መንጠቆዎች) ከ1/32 እስከ 1/16 አውንስ ናቸው፤ በግራም ከ0.9 እስከ 1.8 መሆኑ ነው። የቀረው ውሳኔ ሁሉ የተነሣው ከእነዚህ ሁለት መደቦች ነው። ብዙ ሰው ዘንጉን ይወድና ማባበያ ይፈልግለታል፤ እኔ ግን መጀመሪያ ማባበያውና ውሃው፣ ቀጥሎ ክሩ፣ ከዚያ ዘንጉ፣ መጨረሻ ላይ ሪሉ ይምጣ ባይ ነኝ።

አልትራላይት (እጅግ ቀላል) የሚለው ስም ብቻውን ምንም አይነግርም። ሁሉንም አምራች የሚገዛ አንድ መለኪያ ስለሌለ የአንዱ አልትራላይት የሌላው ላይት ሆኖ ይገኛል። የማምነው ዘንጉ ላይ የተጻፈውን የማባበያ ክብደት ነው፤ እሱንም በልኩ። ከ1 እስከ 6 ግራም የተባለ ዘንግ 1 ግራም ይወረውራል ማለት ይቻላል፣ ግን ዘንጉ ስለማይጎብጥ ክንድ ነው የሚሠራው፤ ማባበያውም የትም ይወድቃል። እንዲህ ያለው ዘንግ በደንብ የሚሠራው ከ3 እስከ 4.5 ግራም ላይ ነው። ስለዚህ አብዝቼ የምወረውረው ክብደት ከተጻፈው መጠን መሀል ወይም ከመሀል ትንሽ ከፍ ብሎ እንዲያርፍ አድርጌ መረጥኩ። 0.9 ግራምንና 4.5 ግራምን እኩል የሚያገለግል አንድ ዘንግ ስላላገኘሁ ሁለት ዘንግ ሆነ።

ጃፓኖች ቀላል ዘንግ የሚሠሩት ለሦስት የተለያዩ ሥራዎች ነው፤ ይህን ለይቶ ያላወቀ ገዢ በቀላሉ ይሳሳታል። አንደኛው ኬይርዩ የሚሉት የተራራ ጅረት ዘንግ ነው። ያማሜ፣ አማጎና ኢዋና የሚባሉት ዓሦች የሚኖሩበት ጠባብና ቁጥቋጦ የበዛበት ውሃ ስለሆነ ዘንጉ አጭር ነው፤ ከ4 ጫማ ከ6 ኢንች እስከ 5 ጫማ ተኩል። ሁለተኛው ዓሣ በተለቀቀባቸው ኩሬዎች ላይ የሚሠራው የኤሪያ ዘንግ ነው፤ 6 ጫማ ገደማ ይረዝማል፣ ለስላሳ ነው፣ እንደ ሞዴሉ 1 ግራምና ከዚያ በታች የሆኑ ስፑኖችን (ማንኪያ የሚመስሉ የብረት ማባበያዎች) ቀስ ብሎ ለመሳብ ይመቻል። ሦስተኛው የባሕር ዘንግ ነው፤ አጂ የሚባለውን ትንሽ ዓሣ በጂግ ለማጥመድ የተሠራና አጂንግ የሚባል። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ብዙ ጊዜም ጫፉ ድፍን ካርቦን ነው።

ለብሉጊል የተሠራ ዘንግ ግን ጃፓን ውስጥ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። ብሉጊል ወደዚያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው፤ ያኔ አልጋ ወራሽ የነበሩት አኪሂቶ ከቺካጎ በስጦታ ተቀብለው ወሰዱት። ከዚያ ተዛምቶ የአገሩን ዓሦች ጎዳ፤ እሳቸውም ንጉሠ ነገሥት ሆነው እ.ኤ.አ. በ2007 በዚህ ማዘናቸውን በአደባባይ ተናግረዋል። ዛሬ እንደ ተባይ የሚታይ ዓሣ ስለሆነ ለብሉጊል የምንመርጠው ዘንግ ለሌላ ዓሣ ከተሠሩት ውስጥ ነው።

ለትራውት የመረጥኩት ባለ 5 ጫማ የጅረት ዘንግ ነው፤ 152 ሴንቲ ሜትር። ቨርጂኒያ ውስጥ እንደ ራፒዳን ባሉ የሸናንዶዋ ጅረቶች ቅርንጫፍ ከራስ በላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚወረወረው፤ ከ5 ጫማ ተኩል ያለፈ ዘንግ በየደቂቃው ቅጠል ይይዛል። ከ4 ጫማ ተኩል ያጠረው ደግሞ ክሩን ከድንጋይ በላይ ከፍ አድርጎ ለመያዝ አይበቃም። ከርዝመቱ ይልቅ ያሳሰበኝ አጎባበጡ ነበር። ካታሎግ ላይ ሬጉላር የሚባለው እስከ መሀሉ የሚጎብጠው ሲሆን ፋስት የሚባለው ጫፉ ብቻ የሚታጠፈው ነው። ለስፒነር ሬጉላር ይሻላል፤ ቦታ ጠቦ በጎን ወይም ከሥር ስትወረውሩ ዘንጉ በ3 ግራም ብቻ ተጠምዝዞ ጉልበት ያጠራቅማል። ሚኖውን በእጅ አንጓ እየነቀነቀ ለሚያሠራ ሰው ግን ፋስት ይታዘዛል። እኔ ስፒነር ስለማበዛ ሬጉላሩን ያዝኩ። ካርቦኑ ጥንካሬው እየጨመረ ሲሄድ ዘንጉ ይቀላል፣ ዋጋውም ይንራል፤ ነገር ግን በ3 ግራም አይጎብጥም፤ ትንሹ ትራውት ራሱን ሲያራግፍም መንጠቆው ይወልቃል። እንደ ዳይዋ ሲልቨር ክሪክ ግላስ ፕሮግሬሲቭ ያሉ የፋይበር ግላስ ዘንጎች እስካሁን ወዳጅ ያላጡት በዚህ ምክንያት ነው፤ ይከብዳሉ፣ የያዙትን ዓሣ ግን አይለቁም።

ለብሉጊልና ለክራፒ ምርጫው በአጂንግና በኤሪያ ዘንግ መካከል ነበር። ጂግ ከተንሳፋፊ ሥር ወይም ብቻውን እየሰመጠ ሲሠራ ዓሣው ጂጉን እየሰመጠ ሳለ ይስበዋል፤ ስሜቱ እጅ ላይ የሚደርሰው ዘንጉ ፈጣን ሲሆን ነው። 5 ጫማ ከ8 ኢንች ሆኖ ድፍን ጫፍ ያለው፣ ከ0.5 እስከ 3 ግራም የተባለ የአጂንግ ዘንግ ለዚህ ልክ ሆነ። እንደ በርክ ሌክ ባለ ሐይቅ ላይ ከዳር ሆኖ ለመወርወር ርዝመቱ ይበቃል። አንድ ችግር አለው፦ የክራፒ ከንፈር ስስ ወረቀት ነው፤ በፈጣን ዘንግ ጠንከር አድርጎ የነጠቀ ሰው ከንፈሩን ቀድዶ ዓሣውን ያጣዋል። መንጠቅ አያስፈልግም፤ ክሩን መወጠርና ዘንጉን ቀስ ብሎ ማንሣት በቂ ነው። ስፑንና ትንንሽ ስፒነር ብቻ የሚጠቀም ሰው ግን የኤሪያውን ይግዛ።

ዘንጉ እጄ ሲገባ ሦስት ነገር አያለሁ። የክር ቀለበቶቹ የፉጂ ከሆኑ ደግ ነው፤ የሲሊኮን ካርባይዱን ኤስአይሲ ይሉታል፣ አልኮናይት የሚባለው ረከስ ይላል፤ ለእነዚህ ቀጫጭን ክሮች ሁለቱም ይበቃሉ። ቀጥሎ የጥጥ እንጨት በእያንዳንዱ ቀለበት ውስጥ አዙራለሁ፤ ጥጡ ከተያዘ ቀለበቱ ተሰንጥቋልና ክር ይበጥሳል። ሦስተኛው መጋጠሚያው ነው። ሁለቱን ቁራጭ ስታጋጥሙ መሀል ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተት የሚተው ዓይነት አለ፤ ያ ክፍተት ሲያልቅ መጋጠሚያው ስለሚላላ አምራቹ ሆን ብሎ የተወው ነው፤ ጉድለት አይደለም።

ሪሉ ላይ ብዙ ገንዘብ ይባክናል። የሺማኖ ሲ2000ኤስ ወይም የዳይዋ ኤልቲ2000ኤስ መጠን ለሁለቱም ዘንግ ይሆናል። የሺማኖው 1000 እና ሲ2000 አንድ አካል ላይ የተሠሩ ስለሆኑ ወደ 1000 መውረድ ክብደት ብዙም አያስቀንስም፤ ክሩ ግን ጠበብ ባለ ስፑል (የክር ማጠንጠኛ) ላይ ስለሚጠቀለል ይበልጥ ይጠማዘዛል። ኤስ የሚለው ፊደል ስፑሉ ጥልቀት እንደሌለው ይናገራል፤ 4 ፓውንድ ናይለን 100 ሜትር ይይዛል። ይህን ፊደል አትዝለሉት። ጥልቅ ስፑል ላይ ቀጭን ክር ለመሙላት ከሥር ብዙ ሌላ ክር ማጠንጠን ግድ ነው።

የማርሽ ፍጥነቱን ደግሞ ውሃው ይወስነዋል። በጅረት ላይ ወደ ላይ ወርውሮ ማባበያውን ከውሃው ጋር መመለስ የተለመደ ነው፤ ውሃው ማባበያውን ወደ እናንተ ስለሚገፋው ዝግ ያለ ሪል ክሩን አይደርስበትም፣ ስፒነሩም ሳይዞር ይሰምጣል። ስለዚህ ለጅረት ኤችጂ ወይም ኤክስኤች የተባለውን፣ 6 ለ1 ገደማ የሆነውን (እጀታው አንዴ ሲዞር ክሩ ስድስት ዙር ይጠቀለላል)ና በአንድ ዙር 80 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚስበውን ያዝኩ። ለጂግ 5 ለ1 ገደማው፣ በዙር ከ65 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር የሚስበው ይበቃል፤ ዳይዋ ይህን ፒ ብሎ ይጽፈዋል።

ስለ ክብደቱ፦ እንደ ሺማኖ ቫንፎርድ (እ.ኤ.አ. የ2020ው) ሲ2000ኤስ ያለ ሪል 150 ግራም ነው፤ ለአጭሩ ዘንግ ይስማማል። ረዘም ላለ ዘንግ ግን የቀለለ ሁሉ የተሻለ አይደለም። ክር የሞላበትን ሪል ዘንጉ ላይ ግጠሙና በአንድ ጣት ሚዛን አስይዙት፤ ሚዛኑ ከሪሉ እግር ትንሽ ፊት ለፊት ካረፈ ልክ ነው። ጫፉ ወደ ታች ከደፋ ከ180 እስከ 210 ግራም የሆነ፣ ዋጋውም ያነሰ ሪል ይሻላል። ቀኑን ሙሉ እጅ አንጓን የሚያደክመው ወደፊት የሚደፋ ዘንግ ነው።

የጃፓን ክር ውፍረት ጎ በሚባል መለኪያ ይለካል። ናይለን 1 ጎ ውፍረቱ 0.165 ሚሊ ሜትር ሆኖ 4 ፓውንድ ገደማ ይችላል፤ 0.8 ጎ 0.148 ሚሊ ሜትር፣ 3 ፓውንድ ገደማ። ለጅረቱ 4 ፓውንድ ናይለን አደረግኩ። መለጠጡ ትንሿን መንጠቆ ያቆያል፣ ድንጋይ ሲነካም ከተሸመነው ፒኢ (ፖሊኤቲሊን) ክር ይሻላል፣ በብርድም ፒኢ ውሃ ይዞ ቀለበት ላይ በረዶ እንደሚሆነው አያስቸግርም። ስፒነር ክር ያጠማዝዛል፤ ትንሽ መሽከርከሪያ ከማባበያው 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብላ ትታሰር። ለጂጉ ዘንግ 0.3 ጎ ፒኢ ከ4 ፓውንድ ፍሎሮካርቦን መሪ (ከማባበያው በፊት የሚታሰር አጭር ክር) ጋር ነው የያዝኩት። መሪውን ከ60 ሴንቲ ሜትር አላስረዝምም፤ ቋጠሮው ስትወረውሩ ከጫፍ ቀለበቱ ውጭ መቅረት አለበት። የአጂንግ ጫፍ ቀለበት በጣም ጠባብ ስለሆነ ቋጠሮ ከገባበት 0.9 ግራም ጂግ አየር ላይ ይቆማል። ነፋስ ሲበዛ ፒኢ ይንሳፈፋል፣ ጂጉም አይሰምጥም። ጃፓኖች ለዚህ ኤስተር የሚባል ክር አላቸው፤ ይሰምጣል፣ አይለጠጥም፣ ነገር ግን ድንገት ሲጎተት ይበጠሳልና ድራጉ (ዓሣ ሲጎትት ሪሉ ክር እንዲለቅ የሚያደርገው ፍሬን) ላላ ማለት አለበት።

ፒኢ በቀጥታ ብረት ስፑል ላይ ከታሰረ ሙሉው ጥቅል ይንሸራተታል፤ ሰውም ድራጉ የተበላሸ ይመስለዋል። ከሥር ጥቂት ዙር ናይለን ማድረግ ይፈታዋል። ክሩ ከስፑሉ ከንፈር 1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ማቆም ነው፤ ከዚያ ካለፈ በቀላል ማባበያ ላይ ጥቅል ጥቅል እየሆነ ይወጣና ይተበተባል። ከወረወራችሁ በኋላ የሽቦውን ቅስት በእጅ ዝጉ፣ ክሩን በጣት ወጠር አድርጉ፣ ከዚያ አሽከርክሩ። አብዛኛው ትብታብ የሚጀምረው ይህ ሲዘለል ነው።

ድራጉን በእጅ ግምት አላስተካክልም፤ የሻንጣ መመዘኛ ሚዛን አለኝ። ክሩን በዘንጉ ቀለበቶች አሳልፌ ሚዛኑ ላይ አስሬ ዘንጉ እንደ ጎበጠ እጎትታለሁ። ለ4 ፓውንድ ክር ድራጉ ከ450 እስከ 600 ግራም ላይ መልቀቅ አለበት፤ ከ2 ፓውንድ በታች ለሆነ ኤስተር 200 ግራም ገደማ። ሪል ስትገዙ 3 ኪሎ ወይም 4 ኪሎ ይይዛል የሚለው ማስታወቂያ አይጠቅማችሁም። የሚጠቅመው 300 ግራም ላይ ሳይነክስ መጀመሩ ነው። መርፌው 300 አልፎ 500 ሄዶ ድንገት ወደ 250 ከወደቀ ያ ሪል ቀጭን ክር ይበጥሳል፤ ርካሽና ውድ ሪል የሚለየውም ከምንም በላይ እዚህ ላይ ነው።

የጃፓን ዕቃ በቀጥታ ስታስመጡ የዘንጉን የታጠፈ ርዝመት ከዋጋው በፊት ተመልከቱ። ባለ 6 ጫማ አንድ ወጥ ዘንግ ማጓጓዣው ከዘንጉ ሊበልጥ ይችላል፤ ባለ ሁለት ቁራጩ ግማሽ ርዝመት ነው። ዋስትናው አብዛኛውን ጊዜ ጃፓን ውስጥ ብቻ ስለሚሠራ ጫፉ ቢሰበር መተኪያ ቁራጩን ራሳችሁ ታዝዛላችሁ፤ ቀረጥም ይጨመርበታል። ወደ አገር ቤት ይዞ ለመሄድ ለሚያስብ ባለ አራት ወይም ባለ አምስት ቁራጭ ዘንግ አለ፤ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። የባሌ ዌብና ዳንካ ወንዞች ላይ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ከኬንያ የመጣ ትራውት አለ፤ ለዚያ ውሃ ባለ 5 ጫማው የጅረት ዘንግ ይሆናል፣ ፈቃዱን ግን አስቀድሞ ከብሔራዊ ፓርኩ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ባለ አንድ ጫፍ መንጠቆ ብቻ ነው የሚፈቀደው። የሚኖውን ባለ ሦስት መንጠቆ አውጥቶ አንድ መንጠቆ ሲተካ ክብደቱ ካነሰ ማባበያው ሚዛኑን ስቶ በጎኑ ይዋኛል። መጀመሪያ የወጣውን መዝኑ፣ የሚገባውን ለእሱ የቀረበ አድርጉ፣ ከዚያ ባልዲ ውሃ ውስጥ ጎትታችሁ ቀጥ ብሎ መዋኘቱን እዩ።

ቀጭን ዘንግ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ዓሣው እግር ሥር ሲደርስ ዘንጉን ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ በማንሣት ነው፤ ያኔ ጭነቱ በሙሉ ጫፉ ላይ ይወድቃል። መረብ ይኑራችሁ፣ ዘንጉን ወደ ጎን አዘንብሉ። ማባበያ ድንጋይ ውስጥ ሲያዝ ዘንጉን ወደ ክሩ አቅጣጫ አቅኑትና ክሩን በእጅ ጎትቱ፤ ፒኢ ከሆነ ጣት ስለሚቆርጥ በእንጨት ላይ ጠምጥሙት። ሪሉን ስታስቀምጡ ድራጉን አላሉ። ክር የሚያልፍባት ትንሽ ተሽከርካሪ ላይ አንድ ጠብታ ዘይት በየጊዜው ይበቃል፤ የዳይዋ ማግሲልድ በተገጠመበት ቦታ ላይ ግን ዘይት አታድርጉ፤ ውሃ የሚከለክለውን መግነጢሳዊ ፈሳሽ ያበላሸዋል።