ሁለተኛ ማርሽ

ሰሞኑን ልቤ ካምቢዮ ላይ ነው፤ የመኪናችን የማርሽ ሳጥን ላይ። ድሬ ስትግል እንዲህ ታደርገኛለች። ከሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ በየቤቱ ሲከተት፣ መንገዱ ጭር ሲል፣ ሐሳብ መሄጃ ያጣና አንድ ነገር ላይ ሙጭጭ ይላል። ደስታም አይደለም፣ ትካዜም አይደለም። ዛሬ ሙጭጭ ያለው የትንሿ መኪናችን ሁለተኛ ማርሽ ላይ ነው።

ከእኔ በፊት መኪናዋን የሚነዳት ሰው ሲሄድ ቁልፉን እኔ እጅ ላይ ነው የተወው። "ዘይቷን አደራ" ብሎኝ ነው የሄደው። የሞተር ዘይት ሰው ሁሉ ያስታውሳል፤ ኪሎ ሜትሩ ሲደርስ ጋራዥ ጎራ ማለት ነው። የካምቢዮ ዘይት ግን አስታዋሽ የለውም። ዳሽቦርድ ላይ መብራት አይበራለትም። በብዙዎቹ ትናንሽ መኪኖች ላይ እንደ ሞተሩ ስቦ የሚታይ መለኪያ ዘንግ እንኳ የለውም። ሥር ገብቶ ብሎን መፍታት ያስፈልጋል። ስለዚህ ይረሳል።

ጠዋት ወደ ሐረር ስወጣ ደንገጎ ዳገት ላይ ከሦስት ወደ ሁለት ስመልሳት "ክርር" ትላለች። ድምጿ ትንሽ ነው። አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ላይሰማው ይችላል። እኔ ግን በመዳፌ ነው የምሰማው፤ በማርሽ ዘንጉ በኩል መጥቶ እጄን ይነዝረኛል። ዳገቱ አልቆ አደሌን ሳልፍ፣ ካምቢዮው በደንብ ሲሞቅ፣ ይጠፋል።

መካኒኩ ጋሽ መ. ሲሰሙ ፍሪሲዮኑን፣ ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያላቅቀውን፣ ሞከሩት፤ ደህና ነው አሉ። "ካምቢዮ ከማውረዳችን በፊት ዘይቱን እንየው።" ገና መኪናዋ ሥር ሳይገቡ ደግሞ አንድ ነገር ነገሩኝ፤ ብትይዙት ይጠቅማችኋል። መጀመሪያ የሚፈታው የላይኛው የመሙያ ብሎን ነው። ማውረጃው ተፈትቶ ዘይቱ ከፈሰሰ በኋላ መሙያው አልፈታ ቢል መኪናዋ ባዶ ካምቢዮ ይዛ እዚያው ቀረች ማለት ነው።

ዘይቱ ወረደ። ያ ድኝ ድኝ የሚል ከባድ ሽታ ጋራዡን ሞላው። የማውረጃው ብሎን ጫፍ ላይ ማግኔት አለ፤ ግራጫ ጭቃ የመሰለ ነገር ለብሷል። ጋሽ መ. በጨርቅ ጠረጉት። እሱ ብዙም አላሳሰባቸውም። ከዚያ ከወረደው ዘይት ትንሽ ጠብታ ወስደው በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መሃል አሹትና ወደ ፀሐይ አዘነበሉት። ጥቁሩ ዘይት ውስጥ ወርቃማ ብናኝ ብልጭ አለ። በጣም ደቃቅ ነው፤ ጣትን ካላዟዟሩት አይታይም። "ግራጫው የብረት ነው፤ የጥርሶቹ። ይኼ ግን ናስ ነው። ናስን ማግኔት አይዘውም" አሉኝ።

ናሱ ሲንክሮው ነው። ማርሽ ስንቀይር በተለያየ ፍጥነት የሚዞሩ ሁለት ነገሮች መገናኘት አለባቸው። ዝም ብለው ከተገናኙ ጥርስ ከጥርስ ይጋጫል፤ "ክርር" የምትለው እሷ ናት። ስለዚህ ትንሽ የናስ ቀለበት ቀድማ ትሄድና ማርሹን ታሻሸዋለች፤ ፍጥነቱን ከሌላው ጋር ታስተካክለዋለች። ድሮ ባቡር ሲንቀሳቀስ የሚሳፈር ሰው መጀመሪያ ጎን ለጎን እንደሚሮጠው ነው። እኩል ሲሮጥ ነው እጀታውን የሚይዘው።

ዘይት ልገዛ ወደ ከዚራ ሰፈር ወረድኩ። ባለሱቁ ገና ሳልጨርስ ጂኤል 5 አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ።

"እኔ የምፈልገው አራቱን ነው" አልኩት።

"አቦ፣ አምስት እያለ አራት ምን ያደርግልሻል? ጠንካራውን ውሰጂ!"

ከልቡ ነው የሚለው። ሊጠቅመኝ ፈልጎ ነው። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ጂኤል የሚለው የዘይቱ ምድብ ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ሥራው ይለያል እንጂ ለሁሉም ነገር ይሻላል ማለት አይደለም። ጂኤል 5 በዋናነት ለዲፈረንሻል፣ ኃይሉን ለጎማዎቹ ለሚያከፋፍለው፣ ነው የተሠራው። እዚያ ጥርሶቹ በከባድ ጭነት እርስ በርስ እየተንሸራተቱ ነው የሚዞሩት። ብረት ብረትን እንዳይበላ ድኝና ፎስፈረስ ያለበት ቅመም በብዛት ይገባበታል፤ ከጂኤል 4 እጥፍ ገደማ። ይኼ ቅመም የብረቱን ጥርስ በደንብ ይጠብቃል። ናሱን ግን ሊበላው ይችላል፤ በተለይ ሙቀት ሲጨመርበት። ናስ እንዳይጎዱ ተደርገው የሚሠሩ ጂኤል 5 ዘይቶች አሉ፤ ሁለቱንም የሚፈቅዱ መኪኖችም አሉ። ለዚህ ነው ከባለሱቅም ከጓደኛም በፊት የመኪናው መጽሐፍ የሚጠየቀው። የእኛዋ መጽሐፍ ጂኤል 4፣ 75 ደብሊው 90 ይላል። የምትፈልገውም ሁለት ሊትር አይሞላም።

ሌላ ደንበኛ ደግሞ ከኋላዬ ሆኖ "ድሬ ሙቀት ነው፤ 140 ድፊበትና ተገላገይ" አለኝ። ይኼን ብዙ ሰው ያምንበታል። 140 ወፍራም ነው። ሙቀቱን ይችላል። ግን ያቺ ቀለበት ውስጧ ላይ ደቃቅ ጥርብ አለባት፤ ዘይቱን ቆርጣ፣ ገፍታ፣ ማርሹን ለመንካት። ዘይቱ ሲወፍር ለመቁረጥ ጊዜ ይወስድባታል፤ ጠዋት ጠዋት ማርሹ እንቢ ይላል። መኪናዋ ደግሞ ድሬ ብቻ አይደለም የምታድረው። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር ከ1,800 በላይ ነው። ሐረር ያደረች ቀን ጠዋት የማርሽ ዘንጉ ራሱ ይከብዳል። አንድ ዘይት ነው ሁለቱንም ከተማ የሚችለው። የፊተኛው ቁጥር፣ 75 ደብሊው፣ ለብርዱ ነው፤ የኋለኛው ለሙቀቱ። 90 ሲባል ደግሞ አትደንግጡ፤ የካምቢዮና የሞተር ዘይት የሚለኩበት ቁጥር የተለያየ ነው። 75 ደብሊው 90 የካምቢዮ ዘይት ውፍረቱ ከ10 ደብሊው 40 የሞተር ዘይት ብዙም አይርቅም።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ይኼ ነው። ዘይት ሲባል ሥራው ማንሸራተት ብቻ ይመስለናል። የካምቢዮ ዘይት ጥርሶቹን ማንሸራተት አለበት፤ ቀለበቷ ደግሞ መያዝ እንድትችል መተው አለበት። በአንድ ጊዜ፣ እዚያው ቤት ውስጥ። ከመጠን በላይ ካንሸራተተ ቀለበቷ ትዋልላለች፤ ማርሹም አይገባም። ይኼን የቀመረ ሰው እንዴት ያለ ሰው ነው? እጁን ብስመው ደስ ይለኛል።

ጋሽ መ. ግን ይኼን ከመጽሐፍ አላገኙትም። በልጅነታቸው ምድር ባቡር ወርክሾፕ ነው የገቡት። ድሬ ራሷ የባቡር ልጅ ናት፤ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ነው ከተማ የሆነችው። እዚያ ወርክሾፕ ውስጥ ያደገ ሰው ማንኛውንም ነገር ከመንካቱ በፊት "ከምን ተሠራ?" ብሎ ይጠይቃል። የትኛው ይሻላል ብሎ አይጀምርም። እሳቸው መኪና ሲያልፍ በድምፁ ብቻ የትኛው ማርሽ ላይ እንዳለ ይነግሩኛል። ሲንክሮ የሌላቸውን የድሮ ከባድ መኪኖች ያዩ ናቸው፤ ሾፌሩ ፍሪሲዮን ሁለቴ እየረገጠ፣ መሃል ላይ ነዳጅ እየሰጠ፣ የቀለበቷን ሥራ በጆሮውና በእግሩ የሚሠራበት ዘመን። እኔንም ደንገጎ ላይ እንዲህ አድርጊ ብለው አሳዩኝ። እውነትም ፍጥነቱ ልክ ሲመጣ ማርሹ በራሱ ገባ ነው የሚለው። ያን ጊዜ ደስታው ሌላ ነው።

አሁን ያ ሁሉ ወዴት ይሄዳል? አዲሱ ባቡር በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተባለ። የኤሌክትሪክ መኪና መቼም ከሥር ጥርስና ዘይት አለው፤ አብዛኛው ግን ባለ አንድ ማርሽ ነው፤ የሚቀያየር ነገር የለውም። ጥሩ ነው። ጭሱ ይቀራል፣ ነዳጅ ሰልፍ ይቀራል። አልከራከርም።

ግን የእህቴ ልጅ መንዳት ልትማር ነው። አሥራ ስምንት ሞላት እኮ። "አክስቴ፣ ማንዋል ምን ያደርግልኛል? እኔ ስነዳ ሁሉም ኤሌክትሪክ ይሆናል" አለችኝ። እውነቷን ነው መሰለኝ። እኔ ደግሞ ደንገጎን በሁለተኛ ማርሽ ሳትወርድ፣ ሞተሩ መኪናዋን አፍኖ ሲይዝላት ሳትሰማ፣ ፍሬን ብቻ አምና እንድታድግ አልፈልግም። ተማሪ እጅ ደግሞ ሲንክሮ ይጨርሳል። ያቺ ቀለበት የቀራት ዕድሜ ለአንድ ሰው መማሪያ ብቻ የሚበቃ ቢሆንስ? ለእሷ ላውለው ወይስ መኪናዋን ላቆያት? ቆጥቤ ማቆየቱስ ለማን ነው? ጋሽ መ.ን ልጠይቃቸው አስቤ ነበር፤ እሳቸው ግን "ልጅቷ ራሷ ምን ትፈልጋለች?" የሚሉኝ ይመስለኛል። እሷን በደንብ የጠየቃት ሰው አለ እንዴ?