የሰፈራችን ቡድን በምን ገንዘብ ይኑር?

በባሕር ዳር በየሰፈሩ የተቋቋሙ የታዳጊና የወጣት ቡድኖች አንድ ወይም ሁለት ዓመት ተጫውተው የሚበተኑበት ዋናው ምክንያት፣ እኔ እስካየሁት ድረስ፣ የገንዘብ እጦት ነው። ልጆቹማ ሞልተዋል፤ ከሽምብጥ እስከ ዓባይ ማዶ ባገኙት ክፍት ቦታ ሁሉ ድንጋይ ጎል አድርገው ሲጫወቱ ይውላሉ። የሚጎድለው ያረጀ ኳስ የሚተካበት፣ የተቀደደ መረብ የሚጠገንበት፣ የዳኛ አበል የሚከፈልበት፣ ልጅ ሲጎዳ ፋሻ የሚገዛበት፣ ሌላ ሰፈር ሄዶ ለመጫወት የመኪና የሚከፈልበት ትንሽ፣ ነገር ግን የማይቋረጥ ገንዘብ ነው። በሰፈራችን ቡድን ኮሚቴ ውስጥ ስለማገለግል ይህ ጉዳይ ዘወትር ያሳስበኛል፤ ያሰብሁትንም እንደ እኛ በመሰለ ሥራ ላይ ላሉ ሁሉ ለማካፈል ወደድሁ።

የጣና ሞገዶቹ የምንላቸው የባሕር ዳር ከነማ ተጫዋቾች በ2010 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ሲያድጉ፣ ኋላም በ2015 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ሁለተኛ ሆነው ለአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ካፕ ሲበቁ ደስታው የከተማው ሁሉ ነበር። ይሁን እንጂ ባሕር ዳር ከነማን የመሰለ ክለብ፣ እንደ አብዛኞቹ የሀገራችን የሊግ ክለቦች፣ ከመንግሥት በጀት ድጋፍ ያገኛል፤ የሰፈር ቡድን ግን በጀት የሚይዝለት አካል የለውም። ስለዚህ የትልቁን ክለብ አሠራር ቀድቶ በትንሹ ቡድን ላይ መጫን አይሠራም። የሰፈር ቡድን ባለቤቱ ሰፈሩ ነውና ገንዘቡም መጀመሪያ መፈለግ ያለበት እዚያው ሰፈር ውስጥ ነው።

የተለመደው መንገድ ግን ሌላ ነው። ውድድር ሲቃረብ ከቀበሌ ወይም ከክፍለ ከተማ የድጋፍ ደብዳቤ ይወጣል፤ ሁለት ሦስት ልጆች ደብዳቤውን በፕላስቲክ ሸፍነው ከሆቴል ሆቴል፣ ከሱቅ ሱቅ ሲዞሩ ይሰነብታሉ። አንዱ ባለሀብት ደስ ብሎት የማሊያውን ወጪ በሙሉ ይሸፍናል፤ ቡድኑም በእርሱ ስም ይጠራል። በሚቀጥለው ዓመት ባለሀብቱ ሥራው ሲቀዘቅዝበት ወይም ከተማ ሲለቅ ቡድኑ አብሮት ይጠፋል። ለጋሱን ሰው አላማርርም፤ እግዚአብሔር ይስጠው ከማለት በቀር የምለው የለኝም። ነገር ግን ቡድን በአንድ ሰው ትከሻ ላይ መቆም የለበትም፤ ደብዳቤ ይዞ መዞርም ልጆቹን ከሥልጠና የሚያስቀር፣ እጅ መዘርጋትንም የሚያለማምድ ነው።

እኔ የማምንበት መሠረት ወርኃዊ መዋጮ ነው። ሕዝባችን ይህን ከማንም ሳይማር ያውቀዋል፤ ዕድር ድንኳንና ወንበር፣ ድስትና ሳህን ገዝቶ ትውልድ የሚሻገረው አባላቱ በየወሩ በሚያዋጡት ትንሽ ገንዘብ ነው። ሁለት መቶ አባወራዎችና እማወራዎች በወር ኀምሳ ኀምሳ ብር ቢያዋጡ በዓመት 120,000 ብር ይሆናል። ሁሉም በየወሩ ይከፍላል ብዬ አልጠብቅም፤ ግማሹ እንኳ ቢከፍል ቡድኑ ማንንም ሳይለምን የዳኛውንና የመጓጓዣውን ወጪ ይችላል። አቅም ለሌለው አምስት ብርም ትበቃለች፤ ስሙ ከሌሎቹ ጋር እኩል መጻፉ ነው ቁም ነገሩ። በዕቁብ የሚሰባሰቡ ነጋዴዎችም ቢስማሙ ዕጣ የደረሰው ሰው ከሚያነሣው ገንዘብ ጥቂት ለቡድኑ እንዲተው ማድረግ ይቻላል። ገንዘቡ በጊዜው አንድ ላይ ስለሚወጣ ከሰጪው ኪስ መጉደሉ ብዙም አይታወቅም።

መዋጮ የሚቆመው ግን ሒሳቡ ሲደበዝዝ ነው። ሰው ኀምሳ ብር አይሰስትም፤ የሚያሸሸው ገንዘቡ የት እንደገባ አለማወቁ ነው። በዚህ ረገድ የእኛ ኮሚቴ የሚከተለውን አሠራር በሙሉ ልቤ እደግፈዋለሁ። የባንክ ሒሳቡ በቡድኑ ስም ተከፍቶ በሁለት ሰዎች ጣምራ ፊርማ ብቻ ይንቀሳቀሳል። በእጅ የሚሰበሰብ ገንዘብ ሁሉ ተራ ቁጥር ባለው ደረሰኝ ይሰበሰባል፤ ቀሪው ከጥራዙ ላይ አይነቀልም። በቴሌብር ወይም በባንክ የሚገባውንም ገንዘብ ያዡ በዚያው መዝገብ ላይ ከነቀኑ ያሰፍረዋል። ወር ሲያልቅ ደግሞ አንድ ገጽ ወረቀት በሰፈሩ ፀጉር ቤት በር ላይ ይለጠፋል። በግራ በኩል የገባው፣ በቀኝ በኩል የወጣው፣ ከታች ቀሪው ይጻፋል፤ «ሁለት ኳስ፣ አንድ የበረኛ ጓንት፣ ለዳኛ አበል፣ ለውሃ» እየተባለ እስከ ሳንቲሙ ይዘረዘራል። ፀጉሩን ለመስተካከል ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ ቆሞ ያነበዋል፣ ይጠይቃል፣ ይከራከራል። ስለ ጓንቱ ዋጋ «ተወደደ» ብለው የጠየቁ አንድ አባት በማግስቱ ርካሽ የሚሸጥበትን ሱቅ ጠቁመዋል፤ እንዲህ ያለ ክርክር ለቡድን ጤና ነው።

በዚህ መሠረት ላይ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ትልቅ ዝግጅት ማድረግ ይቻላል። የዝግጅቱ ገቢ ግን ለዕለት ወጪ መዋል የለበትም፤ ማሊያ፣ የጎል ብረት፣ መረብ፣ የሥልጠና ዕቃ የመሰሉ ረዘም ላለ ጊዜ የሚያገለግሉ ነገሮች ይገዙበት።

ለከተማችን ከሁሉ ይልቅ የሚስማማው የዓሣ ቀን ይመስለኛል። ጣና በአጠገባችን ሳለ ሌላ ምግብ ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም። ቀኑን መምረጥ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ክረምት አይሆንም፤ ዝናቡ ብቻ ሳይሆን ብዙው የጣና ነጭ ዓሣ በክረምቱና በመስከረም አካባቢ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ ሌሎች ገባር ወንዞች ወጥቶ የሚራባበት ጊዜ ስለሆነ በዚያን ወቅት ገበያውን ማሟሟቅ ሐይቁን መጉዳት ነው። ዐቢይ ጾም ከገባ በኋላም ብዙ ሰው ዓሣ አይቀምስም። የነቢያት ጾም በገና ከተፈታ በኋላ፣ ጥምቀት አልፎ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ያሉት ቅዳሜና እሑዶች ከሁሉ የተሻሉ ናቸው። ችግሩ ጥር የሠርግ ወር መሆኑ ነው፤ ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ጥሩ ባለሙያ ሴቶቹም በሠርግ ይያዛሉ፤ ስለዚህ ከዕድሩ ጋር አስቀድሞ በኅዳር መነጋገር ይገባል።

ዓሣውን ከነጋዴ ከመግዛት በቀጥታ ከአሥጋሪዎች ማኅበር ማለዳ መረከብ ይሻላል፤ ይረክሳል፣ ትኩስም ይሆናል። ቆሮሶው ቅርፊቱ ተገፎ፣ ሆዱ ታጥቦ፣ ጎንና ጎኑ በስሱ ከተተለተለ በኋላ ጨው ገብቶበት ዘይቱ በደንብ ሲግል ይገባል፤ ትልትሉ ወደ ውጭ እየተፈነቀለ ወርቃማ ሲሆን ይወጣል። ከዳቦ ወይም ከእንጀራ ጋር፣ አዋዜና ሎሚ ተጨምሮለት ይቀርባል። ከአምባዛው ጉላሽ ይሠራል። ዓሣ ለማይበሉ ሽሮ መኖር አለበት። እናቶች አንድ ጥግ ይዘው ቡና ያፍላሉ፤ ፈንድሻውና ቄጤማው የእነርሱ ስጦታ ይሆናል። ትኬቱ አስቀድሞ ተሽጦ ማለቅ አለበት፤ የሚገዛው የዓሣ መጠን የሚታወቀው በተሸጠው ትኬት ልክ ስለሆነ የሚበላሽና የሚባክን አይኖርም። ልጆቹ ማሊያቸውን ለብሰው ያስተናግዱ። ሰው የሚከፍልላቸውን ልጆች በዓይኑ አይቶ፣ «አንተ የማን ልጅ ነህ?» ብሎ ጠይቆ፣ አባቱን አውቆ ሲሄድ በወሩ መጨረሻ መዋጮውን አይረሳም።

ሁለተኛው ሐሳብ የብስክሌት ጉዞ ነው። ባሕር ዳር ሜዳማ ከተማ በመሆኗ ብስክሌት ለሀብታሙም ለድሃውም የዕለት መጓጓዣ ነው። በ1994 ዓ.ም. የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ያስተማረን ነገር ካናቴራው ራሱ ትኬት ሊሆን እንደሚችል ነው፤ ተሳታፊው የከፈለበትን ለብሶ ይመጣል፣ ከዚያም በኋላ ዓመቱን ሙሉ ለብሶት ይዞራል። እኛም ካናቴራ አሳትመን፣ ከሐይቁ ዳር ተነሥተን በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀውን 380 ሜትር ርዝመት ያለውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ተሻግረን፣ ጉልበት ያለው እስከ ቤዛዊት ኮረብታ ወጥቶ እንዲመለስ ብናደርግ ደስ የሚል ጠዋት ይሆናል። ድልድዩ የብስክሌትና የእግረኛ መንገድ ስላለው ለሕፃናትም አያሰጋም። ካናቴራውን ያሳተመ ድርጅት ስሙ በጀርባው ላይ ቢጻፍለት ተገቢ ነው። እንዲህ ላለው ስብሰባ ሁሉ የትራፊክ ፖሊስንና የክፍለ ከተማውን ሰላምና ፀጥታ ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ በጽሑፍ ማሳወቅ፣ ፈቃድ ሳይገኝም ትኬት አለመሸጥ ግዴታ ነው።

የታንኳ ውድድርም ያምረኛል። የደንገል ታንኳ ቀዛፊዎችን በክብር ጋብዞ፣ የቀን ሥራቸውን ዋጋ ከፍሎ፣ እያንዳንዱን ታንኳ አንድ ሱቅ ወይም አንድ ሆቴል እንዲደግፈው ማድረግ ይቻላል። ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣበት ውድድሩ በጠዋት መጠናቀቅ አለበት፤ የሕይወት አድን ጃኬትና አንድ የሞተር ጀልባ በአቅራቢያው ከሌሉ ግን መቅረቱ ይሻላል።

የክረምቱ የሰፈር ውድድር ገቢ ያስገኛል የሚሉ አሉ። ከየቡድኑ የመመዝገቢያ ይሰበሰባል፣ አሸናፊው በግ ወይም ዋንጫ ይወስዳል፣ ከዳኛና ከሽልማት የተረፈው ለአዘጋጁ ይሆናል። እኔ በዚህ ላይ ብዙ ተስፋ የለኝም። ውድድሩ ለጨዋታው ሲባል መደረግ ያለበት ነው፤ መመዝገቢያው በተወደደ ቁጥር ጫማ የሚያጸዱና ሎሚ የሚያዞሩ ልጆች ያሉበት ቡድን ይቀራል፤ ስፖርቱ ከማንም ይልቅ የሚያስፈልገው ደግሞ ለእነርሱ ነው። በሜዳው ዳር ሻይና ብስኩት መሸጥ በቂ ነው።

ስለ ሎተሪም በየስብሰባው ይነሣል። ቶምቦላ ወይም ዕጣ ለሕዝብ ለመሸጥ የብሔራዊ ሎተሪን ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል፤ ያለ ፈቃድ መሸጥ ኮሚቴውን በሕግ ያስጠይቃል። በዚያ ላይ ሽልማቱ ቀድሞ መገዛት ስላለበት ትኬቱ ካልተሸጠ ቡድኑ ዕዳ ይገባል። በምትኩ በዓሣው ቀን ጨረታ ማካሄድ ይሻላል፤ አንድ የሰፈር ሠዓሊ የሣለው ሥዕል ወይም ልጆቹ ሁሉ የፈረሙበት ኳስ በጨረታ ቢቀርብ የሰፈሩ ሰው ተፎካክሮ ይገዛዋል፤ ብዙ ጊዜም አሸናፊው ከከፈለ በኋላ መልሶ ለቡድኑ ይሰጠዋል።

አንድ ነገር ላይ ግን ጠንካራ አቋም አለኝ። ከመጠጥ ሻጮችና ከስፖርት ውርርድ ቤቶች የሚመጣ ገንዘብ የልጆች ማሊያ ላይ መታተም የለበትም። የአልኮል ማስታወቂያን በእጅጉ የገደበውና የመግዣ ዕድሜን 21 ዓመት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የወጣው ወጣቶችን ለመጠበቅ ሆኖ ሳለ፣ የ14 ዓመት ልጅ ደረት ላይ የመጠጥ ቤት ስም መጻፍ ምን ይባላል? ውርርዱም እንደዚሁ ነው። በየመንገዱ ዳር ትኬት ይዘው የሚቆዝሙትን ወጣቶች የሚያይ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም። ባለቤቶቹ ጎረቤቶቻችን ከሆኑ እንደ ማንኛውም ነዋሪ መዋጮአቸውን ይክፈሉ፤ ስማቸውም በመዝገቡ ላይ ይስፈር፤ ማሊያው ግን ይቅር።

በውጭ ሀገር ያሉ የሰፈር ልጆች ገንዘብ ከመላክ ይልቅ ዕቃ መላክ ይቀናቸዋል። ለዚህም ዝርዝር ተዘጋጅቶ ሊላክላቸው ይገባል፤ የእግር ቁጥርና የልጆቹ ዕድሜ ካልተጻፈ ለታዳጊዎች የማይሆን ታኬታ ይመጣና መጋዘን ውስጥ ይቀራል።

የሴቶቹ ቡድን ጉዳይ ከዚህ ሁሉ ተለይቶ መታየት የለበትም። ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቆመው የእነርሱ ሥልጠና ነው፤ ማሊያም የሚደርሳቸው ወንዶቹ ከለበሱት በኋላ ነው። ይህ እንዲቀር ኮሚቴው ገና ገንዘብ ሳይሰበሰብ ከሚገባው እያንዳንዱ ብር እኩሌታው ለሴቶቹ ቡድን እንዲሆን በቃለ ጉባኤ ቢወስን መልካም ነው። ገንዘቡ ከገባ በኋላ የሚደረግ ክርክር ሁልጊዜ በወንዶቹ አሸናፊነት ያበቃል። ይህን ሐሳብ በመስከረም በሚደረገው ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከመዋጮው መዝገብ ጋር አቀርበዋለሁ፤ የሰፈራችን ነዋሪዎች በተለይም የተጫዋቾቹ እናቶች በስብሰባው ላይ ተገኝተው ድምፅ እንዲሰጡ ከወዲሁ እጠይቃለሁ።