ሁለት ሳምንት ሙሉ እስክንድር ነው ያልኳት አቴና

ነገሩ የጀመረው ፍራንክፈርት ቅዳሜ ቅዳሜ የሚቆመው የአሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ ነው። አንድ ሽማግሌ የብስኩት ጣሳ ውስጥ ደረቅ ጭቃ የመሰሉ ሳንቲሞች ሞልተው «አንዱ 15 ዩሮ» ሲሉ አላስቻለኝም፣ አንዷን አነሳሁ። ከኛ አምስት ሳንቲም በስፋት ትንሽ ታንሳለች ግን ወፈር ያለች ናት፣ ቤት ገብቼ የቡና ሚዛኔ ላይ ሳስቀምጣት 7.2 ግራም፣ ስፋቷ 18 ሚሊ ሜትር።

በአንድ በኩል የጦር ቁር ያጠለቀ ራስ፣ በሌላው ክንፉን የዘረጋ ወፍ ይታያል። በቃ እስክንድርና ንስር ነው ብዬ ደመደምኩ፣ ንስር ደግሞ ከእስክንድር በኋላ ግብጽን የገዙት ፕቶሎሚዎች የሚባሉት ነገስታት ሳንቲም ላይ ስለሚበዛ እስክንድርያ የተሰራ ነው ምናምን እያልኩ ላገኘሁት ሰው ሁሉ አወራሁ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ከዛ ትልቁን ጥፋት አጠፋሁ። እናቴ የነሐስ ዕቃ በሎሚ ስትፈትግ እያየሁ ነው ያደግኩት፣ ስለዚህ ሎሚ ጨመቅኩና በጥርስ ብሩሽ ፈተግኳት፣ አስር ደቂቃ እንኳን አልቆየሁም፣ ጉንጯ ላይ ያለው አረንጓዴ ተነስቶ ልክ እንደተላጠ ቆዳ ሮዝ መዳብ ብቅ አለ፣ የቁሩ ጠርዝም አብሮ ጠፋ። ያኔ ነው ማንበብ የጀመርኩት (ቀድሜ ባነብ ምን ነበረበት!)። ለካ ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ የፊቷ ቅርጽ ያለው መዳቡ ላይ ሳይሆን ፓቲና የሚሉት ጠንካራ ሽፋን ውስጥ ነው፣ እሱን ስትፈትጊ ቆሻሻ ሳይሆን አፍንጫዋን ነው የምትፈትጊው።

የቀረውን በትዕግስት ሞከርኩ። ለካውያና ለባትሪ የሚሸጠው ዲስቲልድ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ በየሁለት ቀኑ ውሃውን እየቀየርኩ፣ በ10 እጥፍ ማጉያ እያየሁ አፈሩን በጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ብቻ ቀስ እያልኩ ማንሳት። በሶስተኛው ሳምንት መብራቱን አጠፋሁና የስልኬን ባትሪ ከጎን፣ ጠረጴዛው ላይ አስተኝቼ አበራሁባት። ከላይ ሲበራባት ምንም የማይታየው ነገር ከጎን ሲሆን ጥላ እየሰራ ተነሳ፣ በተለይ ወፉ፣ ሁለት ትልልቅ ክብ ዓይኖች ፊት ለፊት ያፈጡብኛል! ፕቶሎሚዎቹ ላይ ያለው ንስር እኮ በጎን ነው የሚቆመው፣ እንዲህ ፊቱን አዙሮ የሚያፈጠው የግሪኮቹ ሴት አምላክ የአቴና ጉጉት ነው። ለጓደኛዬ እናት ሳሳያቸው «አንቺ ልጅ፣ ደግሞ ጉጉት ነው ቤት የምታስገቢው?» ብለው አማተቡ፣ ለኛ ሟርት የሆነው ወፍ እዛ የጥበብ አምላክ ወፍ ነው ብላቸውም አልተዋጠላቸውም።

ወፉ ካለበት ጎን ጽሁፍም አለ። ግሪክኛ አልችልም ግን ፊደሎቹን አንድ በአንድ ወረቀት ላይ ገለበጥኩ፣ አንዱ ልክ የኛን ፀ ይመስላል፣ እሱ «ቴታ» ነው፣ ሌላው ቀ ን ይመስላል፣ እሱ ደግሞ «ፊ»። ሲገጣጠም «አቴናስ ኒኬፎሩ» ሆነ፣ ማለትም «የድል አምጪዋ የአቴና»። ኒኬ ድል ነው፣ የስፖርት ጫማው ናይኪ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። እኔን ያስደነገጠኝ ግን «የ» የምትለዋ ናት፣ የንጉስም የከተማም ስም የለም፣ ሳንቲሟ ራሷ «የአቴና ነኝ» ነው የምትለው።

ይሄ አጻጻፍ የፐርጋሞን ነው፣ የዛሬዋ ቱርክ ውስጥ ያለችው ቤርጋማ። ንጉስ ቀዳማዊ አታሎስ የገላትያን ሰዎች አሸንፎ ድሉን ለአቴና ሰጠ፣ ከተማው ውስጥም በዚሁ ስሟ ትመለክ ነበር። የመጨረሻው ንጉስ ሶስተኛው አታሎስ ደግሞ በ133 ከክርስቶስ ልደት በፊት ሲሞት መንግስቱን ለሮም ተናዝዞ ነው የሄደው፣ እንደ ቤትና እንደ ከብት! (በነገራችን ላይ የኛዎቹ የአክሱም ነገስታትም ከነ ኢንዱቢስ ጀምሮ ሳንቲማቸው ላይ በግሪክኛ ያስጽፉ ነበር፣ ይሄን ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ ግን ፊደሉን ራሴ እስክለቅም ድረስ ምንም አልመሰለኝም ነበር።)

ሌላ የተማርኩት፣ ከደረቀች በኋላ ጠርዟ ላይ ዱቄት የመሰለ ደማቅ አረንጓዴ ነጥብ ወጣ። ይሄ ጤነኛ ፓቲና አይደለም፣ የነሐስ በሽታ ይሉታል፣ ውስጧ የቀረ ክሎራይድ እርጥበት ባገኘ ቁጥር መዳቡን ይበላዋል። ነጥቡን በእንጨት ጫሬ መልሼ ዘፈዘፍኳት፣ በደንብ አደረቅኳት፣ አሁን የምትቀመጠው የጫማ ካርቶን ውስጥ ከሚገኘው እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጋር ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ ነው።

ያልተፈታልኝ አንድ ነገር አለ። ቱርክ እንዲህ ያለ ቅርስ ከሀገር ማውጣት ትከለክላለች፣ እኔ ደግሞ ወረቀት አልጠየቅኩም። ተመልሼ ሄጄ ሽማግሌውን ከየት እንዳመጧት ስጠይቃቸው «ከድሮ ሰብሳቢ» አሉኝና ፊታቸውን ወደ ሌላ ደንበኛ አዞሩ። ከዛ ወዲህ ጣሳው አጠገብ ሳልፍ እቆማለሁ፣ አያለሁ፣ ግን ሁለተኛ አልገዛሁም።