ሽንኩርቴን በሶላር ማጠጣት ከጀመርኩ ወዲህ ያየሁት

መቂ አካባቢ ግማሽ ሄክታር ላይ ሽንኩርት ነው የማለማው፣ ድሮ በናፍጣ ሞተር ነበር የማጠጣው፣ ናፍጣ ሲጠፋ ሰልፍ ነው ሲገኝ ደሞ ዋጋው አይቀመስም። አሁን ከጉድጓድ የምስበው በሶላር ነው፣ ብዙ ሰው እንዴት እንዳደረግኩት ስለሚጠይቀኝ ልጻፈው ብዬ ነው።

ሁሉም መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "ስንት ፓኔል ይበቃል" ብሎ ነው፣ እኔ ግን የተነሳሁት ከውሃው ነው። ሽንኩርት በበጋ በቀን መሬቱ ላይ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ውሃ ይፈልጋል ብለን ብንይዝ ግማሽ ሄክታር ላይ 25 ሜትር ኩብ ይመጣል። ይሄን ከ20 ሜትር ጥልቀት ለማውጣት የፓምፑ ብክነት ተጨምሮ በቀን 3.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢሆን ነው፣ በኛ ፀሐይ ደሞ 1 ኪሎ ዋት ፓኔል ይወጣዋል። ይሄን ሂሳብ ይዛችሁ ሱቅ ከገባችሁ ማንም የማትፈልጉትን አይሸጥላችሁም።

ባትሪ የሚባል አልገዛሁም። ቀን ላይ ከፍ ያለ ቦታ የተቀመጡትን ሮቶዎች እሞላለሁ፣ በማግስቱ በጠዋት ቧንቧውን ስከፍት ውሃው ራሱ ወደ ጠብታ መስኖው ይወርዳል። ፓኔሎቹን ወደ ደቡብ 15 ዲግሪ ያህል አዘንብዬ ነው የተከልኳቸው፣ ዝናብ ሲመጣ አቧራውን እንዲያጥበው። ጥላም ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፣ ፓኔሎቹ በተከታታይ ከተገናኙ አንዷ ላይ ያረፈ የግራር ጥላ የሁሉንም ጉልበት ይዞ ይወርዳል።

አሁን ዋናው ነገር። በናፍጣ ጊዜ ሞተሩን ቶሎ የማጠፋው ብር ስለሚቃጠል ነበር፣ ፀሐይ ግን ሳንቲም አትጠይቅም፣ ፓምፑ ቀኑን ሙሉ ቢሰራ ማን ይቆጫል? ሐረማያ ሐይቅ ለጫት፣ ለአትክልትና ለሐረር ከተማ ሲሳብ ሲሳብ ደለልም ተጨምሮበት የደረቀው ነዳጅ ዋጋ እያለው ነው እኮ። የመን ውስጥም ገበሬው ነዳጅ ሲጠፋበት ወደ ሶላር ዞረ፣ ድሮም እየወረደ የነበረው የከርሰ ምድር ውሃ ይበልጥ ተጎዳ። ስለዚህ ሶላር ስለሆነ ብቻ ለአካባቢ ይጠቅማል የሚለውን እኔ አልቀበልም፣ ልክ የሚያበጅለት ነገር አብሮት መግባት አለበት።

እኔ ያስገባሁት የአፈር እርጥበት ሴንሰር ነው፣ ካሚሊየን ይባላል፣ ሲሳይሮ (CSIRO) የሚባለው የአውስትራሊያ የምርምር ተቋም የሰራው ነው። በመብራት ነው የሚናገረው፣ ሰማያዊ ከሆነ አፈሩ ርሷል፣ አረንጓዴ ከሆነ ደህና ነው፣ ቀይ ከሆነ ደርቋል፣ ቁጥር ማንበብ አይጠይቅም ልጆቼም ያነቡታል። የሽንኩርት ሥር አጭር ስለሆነ አንዱን 15 ሌላውን 30 ሳንቲ ሜትር ላይ ቀበርኩ፣ የታችኛው ሰማያዊ ሆኖ ከቆየ ውሃው ከሥሩ አልፎ እየሄደ ነው ማለት ነው፣ ሮቶው ቢሞላም የዛን ቀን አላጠጣም። ማዳበሪያውም አብሮ ታጥቦ አይሄድም።

ጉድጓዱንም ድንጋይ ባሰርኩበት ገመድ ማታ እለካና ጠዋት መልሼ አየዋለሁ፣ ውሃው ወደ ቦታው ካልተመለሰ የፓምፑን ሰዓት እቀንሳለሁ። ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ ለፓኔል ከያዛችሁት ብር ላይ ለሴንሰሩ ቀንሱለት፣ ከጎረቤት ጋርም ስለ ጉድጓዶቻችሁ ርቀት ሳትቆፍሩ በፊት ተነጋገሩ።